ከስሚዝ እስከ ኬንስ ባለው መስመር ያልተጠሩት፦ ስለ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «የምጣኔ ሀብት ተማሪ ነኝ። የኢኮኖሚ አስተሳሰብ ታሪክ ስንማር ከአዳም ስሚዝ ተነሥተን፣ በሪካርዶና በማርክስ በኩል አልፈን ኬንስ ዘንድ ደረስን። ስለ ድህነትና ስለ ኅብረተሰብ ጽፈው ከዚህ መስመር ውጭ የቀሩ አሳቢዎች የሉም ወይ ብዬ ብጠይቅ ሁለት የአውሮፓ ስሞች ብቻ ተጠቀሱልኝ። ከእኛ አገር አንድም የለም? ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ የጥገኝነት ንድፈ ሐሳብ አባት ናቸው ሲባል ሰምቻለሁ፤ ይህ እውነት ነው ወይስ የአገር ፍቅር የወለደው ማጋነን?»

ምላሽ፦

ጥያቄዎን ያነበብሁት በደስታ ነው፤ የተረሳውን ሰው ከማስታወስ አልፈው ስለ እርሱ የሚባለውንም መመርመር ፈልገዋልና። እኛ ዘንድ ገብረ ሕይወት ወይ ጨርሶ አይነሡም፣ ወይ ከተነሡ በውዳሴ ተሸፍነው ይቀመጣሉ፤ በሁለቱም መንገድ መጽሐፋቸው ሳይነበብ ይቀራል። አጭሩ መልሴ እንዲህ ነው፦ ገብረ ሕይወት በኢኮኖሚ አስተሳሰብ ታሪክ ውስጥ ቦታ የሚገባቸው የአገራችን ልጅ ስለሆኑ ሳይሆን ክርክራቸው ስለሚያስገባቸው ነው። የጥገኝነት ንድፈ ሐሳብ የድሀ አገሮች ድህነት በዓለም ገበያ ውስጥ ካላቸው የበታች ቦታ ይመነጫል የሚለው ትምህርት ነው፤ «የጥገኝነት ንድፈ ሐሳብ አባት» የሚለው መጠሪያ ግን፣ ከመልካም ልብ የመጣ ቢሆንም፣ ከሐሳባቸው ግማሽ የሚበልጠውን ይደብቅብናል። ምክንያቱን ለማስረዳት ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍ። ዓመታቱን በእኛ አቆጣጠር ስጠቅስ «ዓ.ም.»፣ በአውሮፓውያን ሲሆን «እ.ኤ.አ.» እላለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ሰውየው ጥቂት። ገብረ ሕይወት በ1878 ዓ.ም. በዓድዋ አውራጃ ማይ ምሻም በተባለ ቦታ ተወለዱ። አባታቸው የዐፄ ዮሐንስ አገልጋይ ነበሩ፤ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ወደ መተማ ዘምተው በ1881 ዓ.ም. በዚያው ወደቁ። ከዚያ ክፉ ቀን መጣ፤ የከብት በሽታው በሬውን ፈጀ፣ ማረሻው ቆመ፣ ሕዝቡ በረኃብ አለቀ። ብላቴናው ከወገኖቹ ጋር ወደ ኤርትራ ተሰድዶ ምንኩሉ በሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባ። ገና ልጅ ሳለም በምጽዋ ወደብ ቆሞ የነበረ የጀርመን መርከብ ይዞት ሄደ፤ በኦስትሪያ በአንድ ባለጸጋ ቤተሰብ እጅ አድጎ በርሊን ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ተማረ። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ጸሐፊና አስተርጓሚ ሆኑ፤ የቤተ መንግሥት ሽኩቻ ገፍቷቸው ለጥቂት ጊዜ በሱዳን ተሰደዱ፤ ተመልሰውም በመጨረሻ የድሬዳዋ ጉምሩክ ኃላፊ፣ ማለት ነጋድራስ ሆኑ። በ1911 ዓ.ም. ገና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ሳሉ ሞቱ። ዋናው ሥራቸው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የታተመው ከሞቱ ከአምስት ዓመት በኋላ በ1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲሆን፣ ለኅትመት ያበቁት ወዳጃቸው ጳውሎስ መናመኖ ነበሩ።

ይህን የሕይወት ታሪክ ለጌጥ አላመጣሁትም። በረኃብ ዘመን ያደገ፣ አባቱን በጦርነት ያጣ፣ ፋብሪካው ሌት ተቀን በሚሠራበት በርሊን የተማረ፣ ከዚያም የአገሩ ዕቃ የሚወጣበትንና የባዕድ ዕቃ የሚገባበትን በር እንዲጠብቅ የተሾመ ሰው ነው ይህን የጻፈው። ድህነትን ከመጽሐፍ ከተማሩት ወገን አይደሉም። የጉምሩክ ኃላፊ የአገር ንግድ በምን ላይ እንደቆመ በየቀኑ ያያል፤ ቡናው፣ ቆዳው፣ ሰሙና ዝባዱ ሲወጣ፣ አቡጀዲው፣ ጠመንጃውና መስተዋቱ ሲገባ ሁለቱም በእጁ ያልፋሉ።

አሁን ወደ ክርክሩ። ገብረ ሕይወት የሚነሡት ከሰው ፍላጎትና ከተፈጥሮ ነው። ሰው የሚያስፈልገውን የሚያገኘው ከተፈጥሮ ጋር ታግሎ፣ ማለት ሠርቶ ነው፤ ስለዚህ የሀብት ምንጭ ድካም ነው፤ የዕቃም ዋጋ በመሠረቱ የሚለካው በውስጡ በገባው ድካም ነው። እስከዚህ ድረስ ከስሚዝና ከሪካርዶ ጋር ጎን ለጎን ይሄዳሉ። የሚለዩት ቀጥሎ ባለው እርምጃ ነው። ድካምን ፍሬያማ የሚያደርገው ዕውቀት ነው ይላሉ፤ ዕውቀት ሲሉ ደግሞ የፊደል ቆጠራን ብቻ ማለታቸው አይደለም። በመሣሪያ፣ በመንገድ፣ በሕግ፣ በሥራ ክፍፍል ውስጥ ተከማችቶ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፈውን ችሎታ ነው የሚሉት። ዕውቀት ያለው ሕዝብ ተፈጥሮን በትንሽ ድካም ያዝዛታል፤ የሌለው ሕዝብ የተፈጥሮ ገባር ሆኖ ይኖራል። እኔ ይህን ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼ «ገባር» የሚለው ቃል ላይ እንዲቆዩ እለምናቸዋለሁ፤ የዚህ ክርክር ሁለት ፊቶች፣ ለተፈጥሮ መገበርና ለሌላ ሰው መገበር፣ በአማርኛ በአንድ ቃል የሚገናኙ ናቸውና።

ቀጥሎ የሚመጣው ንግድ ነው፤ እዚህ ላይ ነው ሥራቸው ከአንድ የተሐድሶ ምክር ወጥቶ ንድፈ ሐሳብ የሚሆነው። ዕውቀት ያላቸውና የሌላቸው ሁለት ሕዝቦች ሲገበያዩ ምን ይሆናል? በራሴ ቁጥር አንድ ምሳሌ ልስጥ። አንድ የሐረርጌ ገበሬ የ40 ቀን ድካም የገባበትን ቡና ወደ ገበያ ያወርዳል፤ በሸጠውም ገንዘብ አንድ ፋብሪካ በ4 የሠራተኛ ቀን ያወጣውን አቡጀዲ ይገዛል። በገበያው ላይ ማንም ማንንም አላታለለም፤ ሚዛኑ አልተዛባም፣ ዋጋውም በሁለቱም ዘንድ የታወቀ ነው። ነገር ግን 40 ቀን በ4 ቀን ተለወጠ። ገበሬው አቡጀዲውን በእጁ ሊሸምን ቢነሣ ከዚያ የበለጠ ጊዜ ይፈጅበት ይሆናልና፣ ንግዱ ለዕለቱ ሳይጠቅመው አልቀረም። ጉዳቱ የሚታየው ወደ ፊት ስንሄድ ነው። ባለ 4 ቀኑ ወገን የተረፈውን ቀን በሌላ መሣሪያ፣ በሌላ ትምህርት ላይ ያውለዋል፤ ባለ 40 ቀኑ ግን የሚያውለው የተረፈ ቀን የለውም። በሚቀጥለው ዓመት ልዩነቱ ሰፍቶ ይገናኛሉ።

እርስዎ ሪካርዶን ስለ ተማሩ አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ በትምህርት ክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ ሳይነገር የሚታለፍ ነው። በ1817 እ.ኤ.አ. የታተመው የሪካርዶ መጽሐፍ ውስጥ ያለውን የእንግሊዝንና የፖርቱጋልን ምሳሌ ያስታውሳሉ፤ እንግሊዝ ለጨርቁ 100፣ ለወይኑ 120 ሰው ያስፈልጋታል፣ ፖርቱጋል ለወይኑ 80፣ ለጨርቁ 90። ሪካርዶ እንግሊዝ ጨርቁን ብቻ፣ ፖርቱጋል ወይኑን ብቻ ሠርተው ቢለዋወጡ ሁለቱም ከንግዱ እንደሚጠቀሙ አሳየ፤ ይህን ሁላችንም ተምረናል። ነገር ግን እርሱ ራሱ በዚያው ገጽ እንግሊዝ የ100 ሰው ድካም ሰጥታ የ80 ሰው ድካም እንደምትቀበል፣ ይህም በአንድ አገር ውስጥ ባሉ ሰዎች መካከል ሊሆን የማይችል መሆኑን ጽፏል። ይህን ካለ በኋላ ግን ጥቅሙን ለማስረዳት ወደ ሌላ መንገድ ይሄዳል፤ ከእርሱ በኋላ የመጡትም ስለ ጥቅሙ እንጂ ስለ ድካሙ ልውውጥ ብዙ አልጨነቃቸውም። ገብረ ሕይወት የቆሙት ልክ ሪካርዶ አልፎት በሄደው ቦታ ላይ ነው። የ100 እና የ80 ልውውጥ የአንድ ቀን ነገር ሳይሆን በየዓመቱ የሚደጋገምና ልዩነቱን የሚያሰፋ ከሆነስ? ብለው ጠየቁ ማለት ይቻላል። ደግሞም በእርሳቸው ዓለም ብዙ ድካም ሰጥቶ ጥቂት የሚቀበለው ድሀው አገር ነው፤ በሪካርዶ ምሳሌ ግን፣ ነገሩ ያስገርማል፣ የበለጠ የምትሰጠው እንግሊዝ ነበረች።

ሁለተኛው ጠንካራ ቦታ ስለ ምድር ባቡር ያሉት ነው። የጂቡቲው ሐዲድ ፈቃድ የተሰጠው በ1894 እ.ኤ.አ. ነበር፤ ድሬዳዋ በ1902፣ አዲስ አበባ በ1917 ደረሰ። በዚያ ዘመን ባቡር ማለት ሥልጣኔ ራሱ ነበር፤ የአገራችን ተራማጆችም የአውሮፓ መንግሥታትም በዚህ ይስማሙ ነበር። ገብረ ሕይወት ግን ከሐዲዱ ጫፍ ተቀምጠው የሚያዩት ሌላ ነገር ነበር። ባቡር ዕቃን በርካሽ ያመላልሳል እንጂ ዕቃን አይሠራም፤ በአገር ውስጥ የሚሠራ እጅና የሚያስተምር ቤት ከሌለ፣ የሚያቀልለው ጥሬው ዕቃ በፍጥነት የሚወጣበትንና የተሠራው ዕቃ በርካሽ የሚገባበትን መንገድ ነው። ይህን የሚሉት ባቡርን ጠልተው አይደለም፤ መንገድ በጣም ይፈልጋሉ። የሚሉት መንገድ ከሚያገናኘው ነገር ተለይቶ በራሱ ልማት እንዳልሆነ ነው። ከዚያ ወዲህ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ሐዲዱ ሁሉ ከማዕድን ጉድጓድ ወደ ወደብ ሲወርድ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ በ1900ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. መጻፉ ግን ተራ ነገር አይደለም።

ከዚህ ጋር አብሮ መታየት ያለበት የዘመኑ ሕግ አለ። በ1908 እ.ኤ.አ. ከፈረንሳይ ጋር በተፈረመው፣ በተዋዋዩ ዲፕሎማት ስም የክሎቡኮውስኪ ውል በሚባለው ስምምነት፣ ኢትዮጵያ በፈረንሳይ ዕቃ ላይ የምትጥለው ቀረጥ ከመቶ 10 እንዳይበልጥ፣ በወይን ጠጅና በመሳሰለው መጠጥ ላይ ደግሞ ከመቶ 8 እንዳያልፍ ተወሰነ። ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ሊስት በ1841 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ በቀረጥ ግንብ ተከልላ ካደገች በኋላ ሌላው እንዳይወጣበት መሰላሉን ገፋች ብሎ ነበር፤ ለአገሩም የመከረው ያንኑ ግንብ ነበር። የኢትዮጵያ የጉምሩክ ኃላፊ ግን ሊስትን ቢያነብ እንኳ ግንቡን የሚሠራበት ድንጋይ በውል ታስሮበታል። በዓድዋ ድል ነፃነቷን ያስከበረች አገር የገዛ ጉምሩኳን ዋጋ በራሷ ሥልጣን መወሰን አልቻለችም። ገብረ ሕይወት በጦር ነፃ መሆንና በሀብት ነፃ መሆን ልዩ ልዩ እንደሆኑ ደጋግመው ሲያስጠነቅቁ ባዶ ፍርሃት እንዳልነበረ ይህ አንዱ ማስረጃ ነው።

አሁን ወደ መጠሪያው ልምጣ። በ1949 እ.ኤ.አ. አርጀንቲናዊው ራውል ፕሬቢሽ በተባበሩት መንግሥታት የላቲን አሜሪካ ኮሚሽን ስም ባቀረበው ጽሑፍ ጥሬ ዕቃ የሚሸጥ አገር የንግድ ዋጋው ከተሠራ ዕቃ ሻጩ አንጻር እየወረደ እንደሚሄድ ተከራከረ፤ ሃንስ ሲንገርም በሚቀጥለው ዓመት ተቀራራቢውን አሳተመ። ከዚያ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የጥገኝነት ትምህርት ቤት የሚባለው፣ ማለት በዚህ ሐሳብ የተሰባሰበው የአሳቢዎች ወገን፣ ተነሣ፤ አርጊሪ ኢማኑኤል «ያልተመጣጠነ ልውውጥ» የሚለውን መጽሐፉን በ1969 አወጣ። ገብረ ሕይወት ከእነዚህ ሁሉ ቀድመው የነገሩን መሠረት ስላዩ ነው «አባት» የተባሉት። በቀደምትነት ደረጃ ይህ ትክክል ነው፤ የአገራችን የምጣኔ ሀብትና የታሪክ ምሁራንም፣ ከእነርሱም ባሕሩ ዘውዴና ዓለማየሁ ገዳ፣ ይህን ቀደምትነት በሥራዎቻቸው አጉልተው አሳይተዋል።

ነገር ግን አባት ልጅ ሊኖረው ይገባል። ፕሬቢሽም ሆነ ኢማኑኤል አማርኛ አላነበቡም፤ ሐሳቡ ከአዲስ አበባ የፕሬቢሽ ኮሚሽን ወደሚገኝበት ወደ ሳንቲያጎ የተጓዘበት መንገድ የለም። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ይዘቱ ነው። የጥገኝነት ትምህርት ቤት በአመዛኙ የድህነትን ምክንያት የሚፈልገው ከውጭ፣ ከዓለም ገበያ አወቃቀር ነው። ገብረ ሕይወት ግን የውጩን ካሳዩ በኋላ ዓይናቸውን ወደ ቤት ይመልሳሉ፤ እዚያም ብዙ ይቆያሉ። ዕውቀት ለምን አልተከማቸም? ብለው ሲጠይቁ የሚያገኙት ጦርነትን ነው። ገበሬው ዘርቶ ከማጨዱ በፊት ሠራዊት ያልፍበታል፤ የሰበሰበውን ወታደሩ ይበላዋል፤ ዛሬ የተሾመው መልከኛ ነገ እንደሚሻር ስለሚያውቅ መሬቱን ሊያለማ ሳይሆን ሊግጥ ይቸኩላል። ግብሩ ምን ያህል እንደሆነ ገበሬው አስቀድሞ አያውቅም፤ ስለዚህ አብልጦ ቢያመርት ለማን እንደሚሆን አያውቅም። እንዲህ ባለ አገር ውስጥ አንድ ሰው አዲስ ዘዴ የሚሞክርበት ምክንያት ምንድን ነው?

ይህ የቤት ውስጥ ምርመራ በ1912 እ.ኤ.አ. በታተመው «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በተባለው የመጀመሪያ ሥራቸው ውስጥም አለ። ያ ጽሑፍ የቴዎድሮስን፣ የዮሐንስንና የምኒልክን ዘመን መዝኖ ሥልጣን ለያዙት ለልጅ ኢያሱ ምክር ያቀርባል፦ የንጉሡ ሀብትና የመንግሥት ሀብት ይለይ፤ ግብር በሕግ ተወስኖ በገንዘብ ይከፈል፤ ሹሙና ወታደሩ ከገበሬው ጎተራ ሳይሆን ከመንግሥት ደመወዝ ይብሉ፤ ገንዘቡ አንድ ይሁን፤ ሕግ ይጻፍ፤ ትምህርት ቤት ይከፈት፤ የሃይማኖት ነፃነት ይኑር። ሲያዩት ይህ የአስተዳደር ዝርዝር ይመስላል። የሁለተኛውን መጽሐፍ ንድፈ ሐሳብ ይዞ ለሚመለስበት ሰው ግን እያንዳንዱ ነጥብ ከድካምና ከዕውቀት ጋር ይያያዛል። በሕግ የተወሰነ ግብር ማለት ገበሬው አብልጦ የሚደክምበት ምክንያት ማለት ነው፤ ደመወዝተኛ ወታደር ማለት ዘር የሚዘራበት ሰላም ማለት ነው፤ የተለየ የመንግሥት ግምጃ ቤት ማለት ለመንገድና ለትምህርት ቤት የሚቀመጥ ትርፍ ማለት ነው። እኔ የእርሳቸው ትልቁ ሥራ ይህ ማያያዝ ነው ብዬ አምናለሁ። ማኅበራዊ ምጣኔ ሀብት የምንለው ይኸው ነው፤ ዋጋን ከሕግ፣ ንግድን ከሥልጣን፣ ምርትን ከሰው ክብር ሳይለዩ ማሰብ። የውጭ ንግዱን ብቻ ነቅለን «ጥገኝነት» ብለን ከጠራነው ይህ ሁሉ ይጠፋል፤ አሁን ላለው አስተዳደርም አመቺ የሆነው ግማሽ፣ ማለት ጥፋቱ ሁሉ የውጭ ነው የሚለው፣ ብቻውን ይቀራል።

በርሊንን እዚህ ላይ ማስታወስ ይጠቅማል። እርሳቸው በነበሩበት ዘመን በርሊን የታሪካዊው የምጣኔ ሀብት ትምህርት ቤት መናኸሪያ ነበረች። ጉስታቭ ሽሞለር ከ1882 ጀምሮ እስከ 1913 እ.ኤ.አ. በዚያው ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር፤ በእርሱ ዙሪያ የነበሩት ምሁራን ኢኮኖሚ ከመንግሥት፣ ከሕግና ከልማድ ተነጥሎ በረቂቅ ቀመር ሊጠና አይችልም ይሉ ነበር። በዚያች ከተማ በተማረ ሰው ላይ ዋጋንና መንግሥትን በአንድ መጽሐፍ ርዕስ ሥር ማምጣት እንግዳ ነገር አይሆንም። ከየትኛው መጽሐፍ ምን ወሰዱ የሚለውን ክርክር ግን እኔ ብዙ አልወደውም። ሁሉም አሳቢ ይወስዳል፤ ሪካርዶ ከስሚዝ ወሰደ፣ ማርክስም ከሪካርዶ ወሰደ። የገብረ ሕይወት ልዩነት የወሰዱትን ከገባርና ከመልከኛ፣ ከአቡጀዲና ከቡና ጋር አጋጭተው አዲስ ጥያቄ ማውጣታቸው ነው፤ ይህንንም በአማርኛ፣ ለአማርኛ አንባቢ ማድረጋቸው ነው።

ብቻቸውን እንዳይመስልዎ ደግሞ ከጎናቸው መነበብ ያለባቸውን ሦስት ሰዎች ልጥቀስ፤ ሦስቱም በተለመደው መስመር ላይ ወይ የሉም ወይ በግርጌ ተቀምጠዋል። የመጀመሪያው ሕንዳዊው ዳዳባይ ናውሮጂ ነው። ከ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሕንድ ሀብት በግብር፣ በደመወዝና በጡረታ ስም ወደ እንግሊዝ ያለ ምላሽ እንደሚፈስስ በቁጥር ለማሳየት ደከመ፤ የአንድ ሕንዳዊን የዓመት ገቢ ከመንግሥቱ ከራሱ ሰነድ አስልቶ 20 ሩፒ ብሎ ገመተ። በ1892 የእንግሊዝ ፓርላማ አባል ሆኖ ተመረጠ፤ መጽሐፉንም በ1901 አሳተመ። ናውሮጂና ገብረ ሕይወት ሲነጻጸሩ አንድ ትልቅ ነገር ይታያል። የናውሮጂ አገር ቅኝ ስለሆነች ሀብቱ የሚፈስሰው በገዢው ትእዛዝ ነው፤ የገብረ ሕይወት አገር ነፃ ስለሆነች ሀብቱ የሚፈስሰው ማንም ሳያዝዝ፣ በገበያ ነው። ሁለተኛውን ማስረዳት ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ የሚከሰስ ገዢ የለምና።

ሁለተኛው ሩማንያዊው ሚሃይል ማኖይለስኩ ነው። በ1929 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይኛ ባሳተመው መጽሐፍ የእርሻ አገር ከኢንዱስትሪ አገር ጋር ሲገበያይ የብዙ ሠራተኛን ውጤት በአንድ ሠራተኛ ውጤት እንደሚለውጥ ተከራከረ፤ የገብረ ሕይወት መጽሐፍ ከታተመ ከአምስት ዓመት በኋላ ማለት ነው። የማኖይለስኩ ስም ዛሬ በልማት ኢኮኖሚ ታሪክ ውስጥ አንዳንዴ ይነሣል፤ ለአምባገነን ሥርዓት የነበረው ድጋፍ ግን ስሙን አጨልሞታል፤ በ1950 በእስር ቤት ሞተ። ሁለቱ አይተዋወቁም፤ በሁለት የእርሻ አገሮች፣ በአንድ የታሪክ ሰዓት አንድ ዓይነት ጥያቄ መነሣቱ ግን ጥያቄው ከኑሮው የመጣ እንጂ ከቤተ መጻሕፍት ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል።

ሦስተኛው የጄኔቫው ሲስሞንዲ ነው፤ ምናልባት ከተጠቀሱልዎት ሁለት ስሞች አንዱ ሊሆን ይችላል። በ1803 እ.ኤ.አ. የስሚዝ ደቀ መዝሙር ሆኖ ጽፎ፣ በ1819 ግን ማሽን ምርትን ሲያበዛ ሠራተኛው የሚገዛበትን ገቢ ካሳጣው ብልጽግናው የማን ነው ብሎ ከመምህሩ ተለየ። የሀብት ሳይንስ ዓላማ ሀብት ሳይሆን ሰው መሆን አለበት የሚለው ጥያቄ በዘመናዊ መልኩ ከእርሱ ይጀምራል። እርሱን እዚህ ላይ ባጭሩ አልፋለሁ፤ በአውሮፓ ቋንቋዎች ስለ እርሱ ብዙ ተጽፏል።

ታዲያ ገብረ ሕይወት ለምን ተረሱ? የመጀመሪያው ምክንያት ግልጽ ነው፤ በአማርኛ ጻፉ፤ መጽሐፉም በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ የወጣው በ1995 እ.ኤ.አ. ተንክር ቦንገር ከተረጎሙት በኋላ ነው። የጥገኝነት ክርክር በ1960ዎቹና በ70ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲጋጋል ገብረ ሕይወት በክርክሩ ቋንቋ አልነበሩም። ሁለተኛው ሞት ነው። ወጣት ሆነው ሞቱ፤ ደቀ መዝሙር አላፈሩም፤ ሐሳባቸውን ሊሸከም ይችል ከነበረው የተማረ ትውልድም ብዙው በጣሊያን ወረራ ዘመን ተጨፈጨፈ። ሦስተኛው ምክንያት ግን የእኛው ነው፤ እኔን የሚያሳዝነኝም ይኸኛው ነው። የእርሳቸው መጽሐፍ በእኛ ዩኒቨርሲቲዎች ሲነበብ ብዙውን ጊዜ የሚነበበው በታሪክ ወይም በሥነ ጽሑፍ ክፍል ነው። የታሪኩ ተማሪ ሥራቸውን የሚያነበው የዘመኑን ተራማጆች ለማወቅ ነው፤ የሥነ ጽሑፍ ተማሪው አማርኛቸውን ለማድነቅ ነው። የምጣኔ ሀብት ተማሪው፣ ክርክሩን እንደ ክርክር ሊፈትን የሚችለው፣ ስማቸውን ሳይሰማ ይመረቃል። እርስዎ የጠየቁት ጥያቄ ከዚያ ክፍል መምጣቱ ለዚህ ነው ያስደሰተኝ።

መፈተን ስል ማድነቅ ብቻ ማለቴ አይደለም፤ ጉድለቶችም አሏቸው፤ ልደብቅዎት አልፈልግም። ሕዝቦችን በሥልጣኔ ደረጃ ከላይ እስከ ታች ይደረድራሉ፤ ይህ የዘመኑ አውሮፓ ልማድ ነበር፤ ከእርሱ አልተላቀቁም። ጃፓንን አርአያ አድርገው ሲያቀርቡ የዚያ ፈጣን ለውጥ ሸክም በጃፓን ገበሬ ላይ ምን ያህል እንደከበደ አይመዝኑም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ተሐድሶው ሁሉ ከላይ፣ ከአንድ ብልህ መንግሥት ይመጣል ብለው ተስፋ ያደርጋሉ፤ ለውጡን የማይፈልጉት መኳንንት ያው መንግሥት ራሱ ሲሆኑ ምን ይደረጋል የሚለው ጥያቄ ያለ መልስ ይቀራል። ድካም የዋጋ መለኪያ ነው የሚለው ሐሳባቸውም ሪካርዶንና ማርክስን የገጠመው ችግር ሁሉ ይገጥመዋል፤ መሬትና ካፒታል በተለያየ መጠን ሲገቡ ዋጋና ድካም እንዴት ይገናኛሉ? በእኔ ግምት ግን የንግድ ክርክራቸው ያለዚህ መለኪያም ይቆማል፤ በምርታማነት ልዩነትና ልዩነቱ በሚያመጣው የመማር ዕድል ላይ ብቻ ሊታነጽ ይችላል። ይህን በዘመናዊ ሞዴል ጽፎ ማሳየት ለአንድ የማስተርስ ተማሪ ጥሩ የመመረቂያ ርዕስ ነው።

ለማንበብ ከተነሡ በ«መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ይጀምሩ እንጂ በ«አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» አይጀምሩ፤ ብዙ ሰው በተቃራኒው ያደርገዋል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ሥራዎቻቸውን በአንድ ጥራዝ ስላሳተመ ማግኘት አይከብድም። የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች፣ ስለ ሰው ፍላጎትና ስለ ተፈጥሮ የሚናገሩትን፣ እንደ መግቢያ ቆጥረው አይዝለሏቸው፤ ኋላ ስለ ንግድ የሚሉት ሁሉ የሚቆመው በእነርሱ ላይ ነው። ቋንቋቸው ቀላል ይመስላል፤ የዘመናችን የሙያ ቃላት ስለሌሉበት አንዳንድ አንባቢ ንድፈ ሐሳብ መሆኑን ሳያውቅ ያልፈዋል። ስለዚህ በሚያነቡበት ጊዜ ከጎን በኩል አንድ ወረቀት ይያዙና እርሳቸው በተራ አማርኛ ያሉትን እርስዎ በተማሩት ቀመር ይጻፉት፤ «ድካም» ባሉበት የሠራተኛ ሰዓት፣ «ዕውቀት» ባሉበት ምርታማነት ያስገቡ። የሪካርዶን አራት ቁጥሮች ከዚያው ወረቀት ላይ ያስቀምጡ። ሁለቱ የት ቦታ ላይ እንደሚለያዩ ያገኛሉ፤ መምህርዎ ዘንድ ይዘው መሄድ ያለብዎትም ያንን ወረቀት ነው።